የራንጌል ሳፋና የቬልቾ ገንዳ

የንባብ ቤታችንን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ፣ በቬልቾ አጥር ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ቁልቁል ስወርድ፣ ጋሽ ራንጌልን በዚሁ የጎረቤታቸው አጥር ሥር በእጅና በጉልበታቸው ተንበርክከው አገኘኋቸው። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ሪዛቸው ሣሩን እየጠረገ ነበር።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ራንጌል" አልኩ።

"ዶሮ ጠፍታብኝ ነው" አሉ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው።

ጋሽ ራንጌል ዶሮ የላቸውም። የነበሯቸውን ቀበሮ ከጨረሰባቸው ቆይቷል። ቢሆንም ሽማግሌ መሬት ላይ ተንበርክኮ እያየሁ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለ መሰለኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ዶሮዋን መፈለግ ጀመርኩ። በአጥሩ ቀዳዳ በኩል የታየኝ ግን የቬልቾ የወይን ቦታ ነው። ቅጠሉ ሰፋፊና ለምለም ነው፤ የተረጨው የሻጋታ መድኃኒት ሰማያዊ ጠብታ ሆኖ ደርቆበታል፤ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ዘለላው ከብዶ ተንጠልጥሏል። ዞር ስል ደግሞ ከመንገዱ ወዲህ የጋሽ ራንጌል ወይን አለ። የእሳቸው ቅጠል ዘይት የተንጠባጠበበት ወረቀት ይመስል ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቷል። ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አለው። ቶሎ የተያዘው ተጨማድዶ መርገፍ ጀምሯል።

"አገኟት?" አልኳቸው።

"ማንን?"

"ዶሮዋን።"

"ዶሮዋ ትሙት!" ብለው ተነሡና ጉልበታቸውን አራገፉ። "እስቲ አንተ መጽሐፍ የምታገላብጥ ሰው ነህ፣ ስፓስ፣ ንገረኝ። ሰማዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ባለሱቁ አንድ፣ የምንገዛው ሰማያዊ ድንጋይ አንድ፣ ኖራው አንድ። ታዲያ የእሱ ወይን ሙሽራ ሲመስል የእኔ ለምን የሞተ አህያ ጆሮ መሰለ?"

"ምናልባት የሚረጩበት ቀን ተለያይቶ እንደሆነ..."

"እሱ በረጨ ቀን እረጫለሁ። ዶሮዋን ስፈልግ አየዋለሁ። እሱ መርጫውን ሲሸከም እሸከማለሁ፣ ሲያወርድ አወርዳለሁ። ሲያስል እንኳ አስላለሁ።"

ነገሩ የቅጠል ብቻ አልነበረም። በየካቲት፣ በቅዱስ ትሪፎን ቀን፣ የመንደራችን ወንዶች ወይን ቦታ ወጥተን ቅርንጫፍ እንገርዛለን፤ ግንዱ ሥር የወይን ጠጅ እናፈሳለን፤ ከዚያም ከመካከላችን አንዱን በተጠማዘዘ የወይን ሐረግ አክሊል የወይን ንጉሥ አድርገን እንሾማለን። ዓመቱ ከሰመረ ንጉሡ ይቀጥላል። ከከፋ ጥፋቱ የንጉሡ ነው ተብሎ ይሻራል፤ ዝናቡን ወይም ሻጋታውን የሚጠይቅ የለም። ጋሽ ራንጌል ያን አክሊል ለብዙ ዓመት ጭነውታል፤ አባታቸውም ጭነውት ነበር። እንዲህ ባለ ቅጠል ግን በመጪው የካቲት አክሊሉ የማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ለሩቅ ሰው ቢሄድባቸው ኖሮ ጋሽ ራንጌል ያዝኑ ነበር። የሚሄደው ለቬልቾ ስለሆነ ግን ዶሮ ጠፋባቸው።

"መተት ነው የሚሉት?" አልኳቸው።

"በመተት አላምንም። እኔ የማላምነው በቬልቾ ነው።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሌላም አለ። ራይና ትናንት ከእሱ ግቢ ስትወጣ አየኋት። የገዛ ልጄ ልጅ! መድኃኒት የሚበጠብጥበትን ገንዳ በእጇ እየደባበሰችው ነበር። እኔ ለመድኃኒቱ አዲስ ሳፋ ከገዛሁ ስንት ጊዜ ሆነ? አንድ ቀን ደባብሳው አታውቅም።"

ቅናት ሰውን ሰነፍ ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኔ እንዳየሁት ግን ቀናተኛን የሚያህል ትጉህ የለም፤ ከጎረቤቱ ቀድሞ ይነሣል፣ ከጎረቤቱ ኋላ ይተኛል። ችግሩ ትጋቱን ሁሉ የሚያፈሰው በአጥሩ ቀዳዳ በኩል መሆኑ ነው። የራሱን ሳፋ ሥር ለማየት ጊዜ አያገኝም።

"ራይና አሁን ንባብ ቤት ናት" አልኳቸው። "ለምን ራሷን አይጠይቋትም?"

"እጠይቃታለሁ" አሉና ከፊቴ ቀድመው መንገዱን ጀመሩ።

ራይና በርጩማ ላይ ቆማ፣ ነጭ የሚያብለጨልጩ የጣሪያ ሚስማሮች በከንፈሯ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ጨርቅ ስትሰቅል ደረስን። ሶፍያ ከተማ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ለእረፍት መጥታ እሑድ እሑድ ለመንደሩ ወጣቶች ላስተምር ብላ ጠይቃኝ ፈቅጄላት ነበር። ጨርቁ ላይ በቀለም የተሳሉ ሳጥኖች በረድፍና በዓምድ ተደርድረዋል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ፊደልና ቁጥር አለ።

ጋሽ ራንጌል ሳጥኖቹን አላዩም። ያዩት ጨርቁን ነው።

"ይሄ የስቶያ አንሶላ ነው!"

"አያቴ ራሷ ናት የሰጠችኝ፣ አባባ።"

"ለእኔ አሮጌው ይበቃሃል ያለችኝ ለካስ ለዚህ ኖሯል! እሺ፣ እሱ ይቆየን። ከቬልቾ ግቢ ምን ስትሠሪ ነበር?"

ራይና ሚስማሮቹን ከአፏ አውጥታ ወረደች። "ገንዳቸውን ሳይ ነበር።"

"ገንዳ! ሰው ሶፍያ ድረስ ሄዶ የሚማረው ያረጀ ገንዳ ለማየት ነው? እኔ ቤት ከፕሎቭዲቭ የንግድ ትርኢት የመጣ፣ መስታወት የመሰለ፣ ዚንክ የተለበጠ ሳፋ ተቀምጧል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ነጸብራቁ በቬልቾ መስኮት ይገባል።"

"አጋጣሚ ነው?" አልኩ እኔ።

"ምን አጋጣሚ አለው? ቦታውን ስመርጥ ውዬ ነው እንጂ።"

"እኔም ላነጋግርዎ የፈለግኩት ስለ ሳፋው ነው" አለች ራይና። "ግን መጀመሪያ ይሄን ሰንጠረዥ ላሳይዎት።"

"ይሄ የርግብ ቤት ምንድን ነው?"

"ዓለም የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው፣ አባባ። እያንዳንዱ ሳጥን የአንድ ዓይነት አቶም ቤት ነው። አቶም የአንድ ነገር የመጨረሻ ትንሿ ቅንጣት ናት። መሀሏ ላይ አስኳል አለ፤ አስኳሉ ውስጥ ፕሮቶኖች አሉ። በዙሪያው ደግሞ ኤሌክትሮኖች በድርብርብ ዙር ይኖራሉ፤ አስኳሉ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ሳጥኖቹ የተደረደሩት በፕሮቶኖቻቸው ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱን በአንድ ይበልጣል።"

"የሚጣሉትስ በምን ምክንያት ነው?"

"ይጣላሉ መች አልኩ?"

"ጎን ለጎን ናቸው፤ ደግሞ አንዱ ሌላውን በአንድ ይበልጣል አልሽኝ እኮ!"

ራይና አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ትምህርቱን በየትኛው በር እንደምታስገባው የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

"ልክ ብለዋል" አለች። "ይቀናናሉ።"

ጋሽ ራንጌል ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"በአንድ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንሂድ" አለች ራይና። "የአስኳሉ ጉልበት እየበረታ ይሄዳል፤ የውጪው ዙር ግን ያው ነው፣ አይጨመርም። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ አቶሙም እየጠበበ ይሄዳል። እዚህ ግራ ጫፍ ያለው ግን በውጪው ዙር ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን በቀላሉ አሳልፎ ይሰጣል። ለምሳሌ ሶድየም።"

"ሞኝ ነው።"

"ለጋስ ነው፣ አባባ።"

"ሰጥቶ ሰጥቶ ምን ይተርፈዋል?"

"ከውስጥ የተሟላ ዙር አለው፤ እሱ ያረጋጋዋል። በቀኝ በኩል ያሉት እነዚህ ደግሞ ዙራቸው ሊሞላ አንዲት ብቻ ነው የጎደላቸው። የራሳቸውን አይሰጡም፤ ዓይናቸው የሌላው ላይ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ከላይ ያለው ነው፣ ፍሎሪን ይባላል። ያገኘውን ሁሉ ይነጥቃል።"

ጋሽ ራንጌል ተነሥተው ፍሎሪንን በጣታቸው መቱት። "ቬልቾ!"

"እኔስ ሌላ ሰው ነበር ያሰብኩት" አለች ራይና።

እኔ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

"ከሱ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ዓምድስ?" አሉ ሽማግሌው፣ ያልሰሙ መስለው።

"የነሱ ዙር ሞልቷል። ከማንም ምንም አይፈልጉም፤ ለማንም አይሰጡም።"

"በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ሰው ማነው?" አሰቡ፣ ሪዛቸውን ጎተቱ፣ ራሳቸው መለሱ። "መቃብር ያሉት ናቸው። እሺ፣ ወደ ታችስ ሲወረድ?"

"ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አንድ ዙር ይጨመራል። የውጪዋ ኤሌክትሮን ከአስኳሉ ትርቃለች፤ መሀል ያሉት ደግሞ ይጋርዱባታል። ስለዚህ አያያዙ ይላላል።"

"የአጎትሽ የክሩም ነገር ነው። እቤት ሳለ ከቃሌ ውልፍት አይልም ነበር። ቫርና ከሄደ ወዲህ፣ ሚስትም ልጆችም መሀል ከገቡ ወዲህ፣ ለፋሲካ ካርድ ይልክልኛል። እሱን ከታች ጻፊው።"

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት የሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚገባው በተከፈተው በር ነው። አንዱን በእህሉ፣ አንዱን በልጁ፣ አንዱን በጸሎቱ በኩል ታስተምረዋለህ። ጋሽ ራንጌልን በቅናት በኩል ማስተማር ለሰሚ ደስ አይልም ይሆናል፤ ግን ያ በር ወለል ብሎ የተከፈተ ነበር።

ራይና ከቦርሳዋ አንዲት ጥርት ያለች ሰማያዊ ድንጋይ አወጣች፤ ወይን የሚረጭ ሁሉ የሚያውቃት ናት። በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ቀመሯን ጻፈች፤ እየጻፈችም አነበበችላቸው። "አንድ መዳብ፣ አንድ ድኝ፣ አራት ኦክስጅን። ከዚያ ነጥብ። ከነጥቡ በኋላ አምስት ውሃ።"

"ውሃ? የቱ ጋ ነው ውሃው? ደረቅ ድንጋይ አይደለም እንዴ!"

ድንጋይዋን ፈጭታ በማንኪያ አድርጋ በአልኮል የምትነድ ትንሽ ምድጃ ላይ ያዘችው። ሰማያዊው እየሸሸ ሄደ፤ ማንኪያው ላይ ነጭ ዱቄት ብቻ ቀረ፤ ከላይ የያዘችው ብርጭቆ ላብ አወጣ። ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ዱቄቱ ላይ ጣለች፤ ሰማያዊው ተመልሶ መጣ።

ጋሽ ራንጌል ፊታቸው ቀላ። "ባለሱቁ ውሃ ነው የሚሸጥልኝ!" ትንሽ ቆይተው በዝግታ ጠየቁ፣ "ለቬልቾም እንዲህ ያለውን ነው የሚሸጥለት?"

"ለሁሉም። ቀመሩ ሰው አይለይም። አምስት ውሃ ለእርስዎ፣ አምስት ውሃ ለእሳቸው።"

"እንግዲያው ምንም አይደል" አሉና ተቀመጡ።

"አሁን መዳቡን ይዩልኝ" አለች። "ሻጋታውን የሚገድለው እሱ ነው። ግን እዚህ ድንጋይ ውስጥ ያለው መዳብ ሁለት ኤሌክትሮን የተወሰደበት ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚሰጠው ካገኘ ይቀበላል። ሳፋዎ በምን ተለበጠ ብለውኛል?"

"በዚንክ።"

"ዚንክን ይፈልጉልኝ።"

ጣታቸው በአንሶላው ላይ ዞረ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። "ከመዳብ ጎን! አጥር ለአጥር ናቸው!" ወዲያው ዓይናቸው በራ፤ ጎረቤታቸውን በሌብነት የያዙ ያህል ብድግ አሉ። "ቆይ! ያዝኩሽ! ወደ ቀኝ በተሄደ ቁጥር ጨምድዶ ይይዛል አላልሽም? ዚንኩ ከመዳቡ በስተቀኝ ነው። ስለዚህ ዚንክ ከመዳብ ይበልጥ ቋጣሪ ነው። ምንም አይሰጠውም። ሳፋዬ ንጹሕ ነው! ስፓስ፣ ምስክር ነህ።"

ምስክር ነበርኩ። ራይናም እንደ ቲማቲም ቀላች። ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እሷ ግን ጠመኔዋን አስቀመጠች።

"በደንብ ይዘውኛል፣ አባባ" አለች። "ደንቡ በሁለቱ ጫፎች በኩል ጥሩ ይሠራል። መሀል ሰፈር ያሉት ብረቶች ግን ደንቡን ሲፈልጉ ያከብሩታል፣ ሲፈልጉ ይተዉታል። እዚያ ሲደረስ ከአንሶላ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ መሞከር ነው።"

"እንሞክራ!"

ሰማያዊ ውሃ በብርጭቆ አዘጋጀችና ከሚስማሮቿ አንዱን ሰጠቻቸው። "ይሄም እንደ ሳፋዎ ዚንክ የተለበጠ ነው። እርስዎ ይጨምሩት፤ እኔ ነካካሁት እንዳይሉ።"

ጨመሩት። ሦስታችንም ብርጭቆው ላይ ተደፋን። መጀመሪያ ሚስማሩ ብርሃኑን አጣ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ እየቆየ ደግሞ ቀይ ቡናማ ነገር እንደ እርጥብ አፈር ተጣበቀበት። ሲነካ እየተራገፈ ብርጭቆው ሥር ይወርዳል። ውሃው ሰማያዊነቱን እያጣ እየገረጣ ሄደ።

"ዚንኩ ኤሌክትሮኖቹን ለመዳቡ ሰጠው" አለች ራይና በቀስታ። "መዳቡ የጎደለውን አገኘና መዳብ ሆኖ ተቀመጠ። ዚንኩ ደግሞ ሟሙቶ ውሃው ውስጥ ገባ።"

ጋሽ ራንጌል ብርጭቆውን አንሥተው ሥሩን አዩ። ሲናገሩም ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"ቀዩ ጭቃ።"

"የቱ ጭቃ?" አልኩ።

"ድንጋዩን በጨርቅ ቋጥሬ ሳፋው ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሥሩ ቀይ ጭቃ ይዞ አገኘዋለሁ። ባለሱቁ አፈር ቀላቅሎብኝ ነው ብዬ ስሳደብ፣ እየፋቅሁ ከጉድጓዱ ጀርባ ስደፋው ከረምኩ። እዚያ ሣር አልበቅል ሲልም ገርሞኝ ነበር። ሳፋው ሲበሳም በሬንጅ ደፈንኩት፤ ከቬልቾ እንዳይታይ በግድግዳው በኩል አዞርኩት።" ራይናን አዩ። "ታዲያ ይሄን ያህል ጊዜ በመርጫ ስረጭ የከረምኩት ምንድን ነው?"

"አብዛኛው የዚንክ ውሃ በኖራ ነው፣ አባባ። መዳቡማ ከጉድጓዱ ጀርባ ነው።"

"ቬልቾስ?"

"የእሳቸው ገንዳ የባሉጥ እንጨት ነው። እንጨቱ መዳቡን አይነካውም።"

"ይሄን አውቆ ነው?"

"ምንም አያውቁም። ሌላ ገንዳ ስለሌላቸው ነው።" ራይና ትንሽ አመነታች። "አባባ፣ ትናንት ገንዳውን ስደባብስ ያዩኝ ለምን ይመስልዎታል? ጠርዙ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ። የቅድመ አያቴ ምልክት ነው። ገንዳው የእኛ ነው።"

እኔ ያን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሳፋው ከትርኢቱ በጋሪ በመጣ ዕለት ጋሽ ራንጌል የአባታቸውን ገንዳ እያንከባለሉ አውጥተው በቬልቾ በር ላይ ጥለውት ነበር። "ላሳማህ መመገቢያ ይሁንህ፣ ቬልቾ! እኛ ቤት እንጨት ቀርቷል!" ሲሉ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰምቷል።

ልብ ሳይሉት ሲቀኑበት የከረሙት በገዛ ገንዳቸው ኖሯል።

ከሮዶፒ ተራሮች በላይ ደመና መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት በጥሩ መድኃኒት ቢረጭ ገና ያልተያዘው ግማሽ ወይን ይተርፋል። ሳይረጭ ከዘነበ የሚተርፍ የለም። አዲስ የእንጨት ገንዳ የሚሠራው ሰው ያለው ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው ገንዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ነው።

"አብረኸኝ ና" አሉኝ። "ብቻዬን ከገባሁ ሰው ታረቁ ይላል።"

ጋሽ ቬልቾ ግቢያቸው ውስጥ የዱባ ፍሬ እየፈለፈሉ ተቀምጠው ነበር። አጭርና ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ሆዳቸው ከአፋቸው ይቀድማል። እኛን ሲያዩ ግን አልሳቁም።

"ንጉሥ ሆይ" አሉ፣ "ዛሬ በበሩ በኩል? አጥሩ ተደፈነብህ እንዴ?"

"ዶሮ ጠፍታብኝ ነበር" አሉ ጋሽ ራንጌል።

"የትኛዋ? ቀበሮ የበላት?"

የፍሬ አረቄያችን ራኪያ ተቀዳ። ማንም ስለ ወይን አላነሣም። በመጨረሻ ቬልቾ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ አጥሩ እያዩ ተናገሩ።

"ራንጌል፣ አሁን ከመጣህ አይቀር አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሳፋህ ገደለኝ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እሱ ነው፣ ቡና ስጠጣ እሱ ነው። ሚስቴ፣ ሰው እንዲህ ባለ ዕቃ ይሠራል፣ አንተ አሳማ በሚበላበት ትላለች። ለመከር ትርኢት አንድ ልገዛ ወስኛለሁ።" ቆም አሉ፤ ቀጥለው የተናገሩት በዝቅተኛ ድምፅ ነው። "ግን ለምን እስከዚያ እጠብቃለሁ? የአባትህ ዕቃ ስለሆነ ለአንተ ይሻልሃል፤ ገንዳውን ውሰድና ሳፋውን ስጠኝ። ዛሬውኑ እንለዋወጥ።"

ጋሽ ራንጌል ጽዋቸውን ከአፋቸው ሳያደርሱ ያዙት።

የሚያስቡት ሁሉ ግንባራቸው ላይ ይነበብ ነበር። እሺ ቢሉ ገንዳው የእሳቸው ነው፤ የቀረው ወይን ይተርፋል። የቬልቾ መዳብ ደግሞ በሚያብለጨልጨው ሳፋ ሥር ቀይ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው በጋ የማን ቅጠል እንደሚረግፍ፣ በሚቀጥለው የካቲት አክሊሉ ወደ ማን እንደሚመለስ የታወቀ ነው። ማንም አይከሳቸውም። ራሱ ነው የለመነኝ ይላሉ፤ እውነትም ነው።

"ምን ትላለህ?" አሉ ቬልቾ።

"ሳፋው..." አሉ ጋሽ ራንጌል። "ሳፋው ጥሩ ሳፋ ነው።"

"እሱማ ነው!"

"ለልብስ ጥሩ ነው።" ጽዋውን ቁጭ አደረጉት። "አንተ ቬልቾ፣ ለመሆኑ አቶም ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ምን?"

"አታውቅም! አየህ ስፓስ? አያውቅም!" ፊታቸው እንደ አዲስ ሳፋ በራ። "ስማኝ፣ አንተ ደንቆሮ። ሰማያዊ ድንጋይህ ውስጥ ስንት ውሃ አለ? አምስት! የመዳብ ጎረቤት ማነው? ዚንክ! መዳብ ምን ጎድሎታል? ሁለት! ዚንክ ከሰጠው ምን ይከተላል? ቀይ ጭቃ!"

ያን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ራንጌል የሰሙትን ሁሉ፣ ትንሽም ያልሰሙትን ጨምረው አስተማሩ። ደግነት ይሁን ወይስ ቬልቾ የማያውቀውን ነገር ማወቃቸውን ደብቀው ማደር ስላልቻሉ እስካሁን አላውቅም። ቀናተኛ ሰው ምሥጢር ሲይዝ የሚያየው የለም፤ ሲያስተምር ግን ይታያል። እኔ የሆነውን ነው የምጽፈው፤ ቬልቾ ሳፋውን አልወሰዱም፤ ሳፋም አልገዙም።

"እንግዲያው ይሄን ሁሉ ጊዜ" አሉ ቬልቾ በመጨረሻ፣ ዱባ ፍሬያቸው ከእጃቸው እየረገፈ፣ "ባንተ ገንዳ ነው ያሸነፍኩህ?"

"በአባቴ ገንዳ።"

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ?"

"ዝም ብልህና ባሸንፍህ አሸነፍኩ አይባልማ! ሳፋው ነው ያሸነፈህ የሚባለው። ሳፋን ከእኔ ልታስቀድም ነው? ና ይልቅ፣ ገንዳውን ባንድ በኩል ያዝ፣ ዝናብ መጣ!"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ገንዳውን በአጥሩ ላይ አሻገሩት። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ መሀል ሰፊ በር ተከፍቷል፤ ገንዳው አንድ ሳምንት ወዲህ፣ አንድ ሳምንት ወዲያ ያድራል። ከጋሽ ራንጌል ወይን ግማሹ ተረፈ።

የተገኘውን ጥቅም ሳልናገር ብቀር ይህን ጽሑፍ መጀመሬ ከንቱ ይሆናል። መንደራችን ዛሬ ሰማያዊውን ድንጋይ በእንጨት ወይም በሸክላ ዕቃ ካልሆነ አያሟሟም፤ ዚንክና ብረት አይቀርበውም። ቀይ ጭቃ ሲያይ ባለሱቁን የሚሳደብ የለም፤ ባለሱቁ ራሱ በሩ ላይ ጽፎ ለጥፎታል። በብላሽ የሚደፋው መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ውሏል። እማማ ስቶያ ሳፋውን ለልብስ ማጠቢያ ወሰዱት፤ አንሶላቸውን ግን አላስመለሱም። እሑድ እሑድ ንባብ ቤቱ ስለሚሞላ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን እንዋሳለን። ሰዎች ሆምጣጤ የመዳብ ድስት ለምን እንደሚያበላሽ፣ ኖራ ለምን እንደሚፈላ ይጠይቃሉ። ከዓይንና ከመተት በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ለምደናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በየካቲት ንጉሡ ጋሽ ቬልቾ ሆኑ። ጋሽ ራንጌል ከሰው ሁሉ ቀድመው ጨበጧቸው፤ አክሊሉ ወደ ግራ አዘንብሏል ብለውም ለማቃናት ብዙ ቆዩበት። ከዚያ በረዶውን እየረገጡ በቀጥታ ወደ ንባብ ቤት መጡ። ራይና ለጥቂት ቀን መጥታ ነበር፤ ሹመቱን ከሩቅ አይታ ቀድማን ገብታለች።

"እንግዲህ አይተሻል" አሏት፣ በአንሶላው ፊት ቆመው። "ጨበጥኩት። ደግሞም አልነከስኩትም። አሁንም እዚህ ጥግ ላይ ነው የምታስቀምጪኝ?"

ራይና ፍሎሪንን አየች፣ አያቷን አየች። "አክሊሉን ሲያቃኑ አይቻለሁ፣ አባባ።"

"አዘንብሎ ነበር!"

ጣታቸውን ያዘችና አንድ ሳጥን፣ አንድ ብቻ፣ ወደ ግራ ወሰደችው።

"ይሄ ማነው?" አሉ።

"ኦክስጅን። እሱም ይነጥቃል፣ ግን እንደ ፍሎሪን አይደለም። ሰው አብሮት ይኖራል።"

ጋሽ ራንጌል ሳጥኑን ጥቂት አዩትና ኮታቸውን ቆለፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ስፓስ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቬልቾን የት ነው ያደረገችው?"